የኪራይ ጋዜጣ ላይ አይጻፍም

አማትና ምራት አይዋደዱም ያለ ሰው አማቴን አያውቃቸውም፤ እኔንም አያውቀኝም። ከባሌ ጋር የተኮራረፍኩባቸውን ቀናት ልቁጠር ብል ጣቴ አይበቃኝም። ከእናቱ ጋር ግን አንድም ቀን ተኮራርፈን አናውቅም። ተሰዳድበን እናውቃለን፤ መሳደብና መኳረፍ ለየቅል ናቸው። "አንቺ ምላሳም!" ይሉኛል። "ከማን ተማርኩት፣ እማማ?" እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። እንግዲህ በዚህ ታሪክ ለማን እንደማደላ ከወዲሁ እወቁት፤ ለእሳቸው ነው።

ሰፈሩ "ስልከኛዋ" ይላቸዋል። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ስልክ የሚያገናኙት እሳቸው ነበሩ። ያኔ ስልክ በቀጥታ ቢሮ አይገባም፤ ማንም ደወለ ማን መጀመሪያ እሳቸው ጋ ነው የሚደርሰው። ከፊታቸው በቀዳዳ የተሞላ ሰሌዳ፣ ከየቀዳዳው በላይ ትንንሽ መብራት፣ ከሥር ደግሞ የተደረደሩ ገመዶች። መብራት ሲበራ ገመዱን ይሰኩና "አቤት፣ ከማን ጋር ላገናኝዎት?" ይላሉ። የየክፍሉን ቁጥር በቃላቸው ይዘውታል፤ አለቆቹን ገና ሲያስሉ ይለዩዋቸዋል። አንድ ኃላፊ በስልክ ሲያንባርቅባቸው "ጌታዬ፣ ገመዱ እኮ በእኔ እጅ ነው" ብለው ነቀሉበት እየተባለ ይወራል። እውነት ነው ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ነበር። "ውሸት ነው" አሉኝ፤ "ሁለት ጊዜ ነው የነቀልኩበት።" ባላቸው ገና በወጣትነታቸው ነው የሞቱባቸው። ሴት ልጃቸውንም ባሌንም ያሳደጉት በዚያ ሥራ ነው።

የመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ጋዜጣ የሚያከራይ ሰውዬ ነበር። መግዛት ያልቻለ ወይም ያልፈለገ ሰው በትንሽ ሳንቲም ይከራያል፣ ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ያነባል፣ ይመልሳል። ያቺው ጋዜጣ ደግሞ ለሌላ ሰው ትሄዳለች። ሰውዬው ሕግ አለው፤ ማርጠብ የለም፣ መቅደድ የለም፣ መጻፍ ግን ጨርሶ አይታሰብም። ምክንያቱም መጨረሻው ገጽ ላይ መስቀለኛ ቃላት አለ። አንዱ ሳጥኖቹን በእስክሪብቶ ከሞላቸው ለሚቀጥለው ምን ይተርፈዋል? የጻፈባት ሰው ጋዜጣዋን በግድ ይገዛታል፤ የሰውዬውን ስድብ ደግሞ በነፃ ይወስዳል።

አማቴ የምሳ ሰዓታቸውን እዚያ ደረጃ ላይ ነበር የሚያሳልፉት። መስቀለኛውን በዓይናቸው ነው የሚሞሉት። የአግድሙን ቃል ያገኛሉ፣ ጭንቅላታቸው ውስጥ ያስቀምጡታል፣ ቁልቁሉን እሱ ላይ ያቆማሉ። ጋዜጣዋ በየቀኑ አንድ ርዕስ ትሰጣለች፤ ዛሬ የሰውነት ክፍሎች ከሆነ ነገ አትክልት፣ ሌላ ቀን የአናጢ ዕቃዎች። ቃላቱ ሁሉ ከዚያው ርዕስ ይወጣሉ። ምሳ ሰዓት ሲያልቅ ጋዜጣዋን እንደተቀበሏት ንጹሕ አድርገው ይመልሱና ወደ ገመዳቸው ይገባሉ። መልሱ በማግሥቱ ሲወጣ ጭንቅላታቸው ካለው ጋር ያመሳክሩታል። ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ሠርተው አንዲት ጋዜጣ ላይ አንዲት ፊደል ጽፈው አያውቁም።

ዓምና ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ያዛቸው። ሐኪም ቤት ተኝተው፣ ተነሥተው፣ በከዘራ እየሄዱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። እግራቸው እየዳነ ነው፤ ክፉው ነገር ቃል ይጠፋቸዋል። "ያንን… ያንን ነገር አቀብይኝ" ይላሉ፤ ማንኪያ ማለት አቅቷቸው ማንኪያውን በዓይናቸው ሊገድሉት ይደርሳሉ። እኔ አቀብላቸዋለሁ። ቃሉን ግን አልነግራቸውም፤ አንዴ ብነግራቸው "ጠየቅኩሽ?" ብለው ቱግ ስላሉብኝ ቅጣቴን አግኝቻለሁ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ማሽኔ የቆመው እሳቸው ቤት የፊተኛው ክፍል ውስጥ ነው፤ መስኮቱ ወደ መንገድ ስለሆነ ደንበኛ ያየኛል። እኛ የምናድረው እዚያው ግቢ ከኋላ ባለው ቤት ነው። ጡረታ ወጥተውም ያልተዉት ጋዜጣ አከራይ ድረስ ከሕመሙ በኋላ መሄድ ስላልቻሉ፣ ባሌ በየጠዋቱ አንድ ጋዜጣ ገዝቶላቸው ነው ሥራ የሚገባው። በዚህ ይመሰገናል፤ ሌላ የማመሰግንበት ብዙ የለኝም። እኔ ስሰፋ እሳቸው ከጎኔ ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጋዜጣዋን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ይቆያሉ።

"እስክሪብቶ ላምጣልዎ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ለምኑ?"

"ሊሞሉበት ነዋ።"

"ተሞልቷል እኮ" አሉኝ። በማግሥቱ መልሱ ሲወጣ ጋዜጣውን እኔ አስያዙኝና የትናንቱን እየጠሩ አስመሳከሩኝ፤ ይሄኛው ክርን፣ ያኛው ቅንድብ፣ ቁልቁሉ ተረከዝ። የኪራዩን ታሪክ ያን ቀን ነው የነገሩኝ።

"አሁን እኮ የራስዎ ጋዜጣ ነው። ቢጽፉበት ማን ይቆጣዎታል?"

"ማንም። ግን እጄ እምቢ ይላል። ከኋላዬ ሌላ ሰው የሚጠብቅ ይመስለኛል።" ከዚያ ጋዜጣዋን አጥፈው አልጋቸው አጠገብ ካለው ክምር ላይ አስቀመጧት።

ነገሩን ሁሉ ያመጣው ያ ክምር ነው።

ትልቋ ልጃቸው፣ የባሌ እህት ማለት ነው፣ እኔ በልቤ ሥራ አስኪያጇ ነው የምላት። የምትሠራው ሌላ ነው፤ የማታስተዳድረው ነገር ስለሌለ ነው። ክፉ አይደለችም፣ እሱን ልናገር። እናቷን ትወዳለች። ብቻ ፍቅሯ ሳይጠይቅ ዕቃ የሚያነሣ ዓይነት ፍቅር ነው። አንድ ቀን አማቴ ድስት ጥደው ረሱት። አረረ፣ ቤቱ በጢስ ታፈነ፣ እኔ መስኮት ከፈትኩ፣ አለቀ። ድስት ያላሳረረ ማን አለ? እኔ በዚያው ሰሞን የደንበኛ ሱሪ በካውያ አቃጥያለሁ፤ ከቤትሽ ውጪ ያለኝ የለም። ሥራ አስኪያጇ ግን ስትሰማ ከተፍ አለች። ምድጃውን አየች፣ መጋረጃውን አሸተተች፣ መኝታ ቤት ገባች፣ ክምሩን አገኘች። አንዱን ጋዜጣ ገለጠች፤ መስቀለኛው ባዶ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን ገለጠች፤ ባዶ። ዓይኗ ዕንባ ሞላ።

"እማዬ እኮ የዚህ ነገር ሱሰኛ ነበረች" አለችኝ። "ይኸው፣ አንዲት ፊደል መጻፍ አቅቷታል። እናንተ ደግሞ ዝም ብላችሁ ታያላችሁ።"

የኪራዩን ነገር፣ የእጃቸውን ነገር፣ ሁሉንም ነገርኳት። እንደሚታዘንለት ሰው አየችኝ። "አንቺ ደግሞ የነገረችሽን ሁሉ ታምኛለሽ" አለች። ወይ ጉድ! ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይኼ ነው፤ በወር አንዴ ብቅ የምትል እሷ፣ በየቀኑ አብሬያቸው የምውል እኔን ስለ አማቴ ልታስተምረኝ። ከዚያ ውሳኔዋን ነገረችኝ። የእናቷ ቤት ይዘጋል፣ ይከራያል፤ እሳቸው እሷ ጋ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ የእንግዳ ክፍል ይገባሉ። እሁድ መጥታ ትወስዳቸዋለች። ደሜ ፈላ።

ማታ ባሌን ያዝኩት። "ሐኪሙ ብቻዋን አትተዋት ብሏል" አለኝ።

"ብቻቸውን ናቸው? እኔ ምንድን ነኝ፣ መጋረጃ ነኝ?"

"እንደሱ አላልኩም።"

"ምን አልክ ታዲያ?"

ባሌ እህቱን ከልጅነቱ ጀምሮ ይፈራታል፤ ዝም አይነቅዝም ብሎ የሚያምን ሰው ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ሲያንስ ማሽኔን አቁሜ አጠገባቸው ቁጭ አልኩ። "እማማ፣ በሞቴ፣ አንዲት ብቻ። የዛሬዋን በእስክሪብቶ ይሙሏትና ነገ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ አፏን ላስዘጋት።"

"ፈተና ልቀመጥ ነው የምትዪኝ?"

"ፈተና አይደለም፣ ማስረጃ ነው።"

"ፈተና ነው። እኔ እሷን ፊደል ሳስቆጥር ካላወቅሽ ከቤት ትወጫለሽ ብያታለሁ? ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም።" ከዘራቸውን ወለሉ ላይ መቱት። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ። "ደግሞስ አልሞላም እንበል።"

"እንዴት አይሞላም?"

"እንደ በፊቱ አይደለም፣ ልጄ። አንዳንድ ቀን ሙሉ ነው። አንዳንድ ቀን ደግሞ ግማሹ ጠፍቶብኝ ይውላል። ቃሉ እንዳለ አውቀዋለሁ፤ ብጠራው አይመጣም። ያ ቀን ነገ ቢሆንስ?"

የእኔ ሙግት ሁሉ የቆመው ያ ጋዜጣ በጭንቅላታቸው ሙሉ ነው በሚል ነበር። ሙሉ ካልሆነ ምን ብዬ ልከራከር? "ባይሞላስ?" አሉኝ፤ "ባይሞላ ቤቱ የማን ሊሆን ነው?" ወደ ማሽኔ ተመልሼ የሰው ቀሚስ ላይ አለቀስኩ። ከንዴት ይሁን ከፍርሃት እኔንጃ።

እሁድ ሥራ አስኪያጇ ትልቅ ባዶ ሻንጣ እየጎተተች መጣች። አማቴ ወንበራቸው ላይ ናቸው፣ ከዘራው ጉልበታቸው መሃል። ባሌ መስኮቱ ጋ ቆሟል። እሷ የክምሩን ጋዜጦች አምጥታ የመቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ አንድ በአንድ ዘረጋቻቸው፤ ባዶ ሳጥን በባዶ ሳጥን ሆነ።

"እማዬ፣ አትቀየሚኝ። እኔ ቤቱ እንዲህ ሆኖ አንቺን ትቼ እንቅልፍ አይወስደኝም።"

"እንቅልፍሽን እዚሁ ተኚ፤ አልጋ አለ" አሉ።

"እትዬ፣ ነገርኩሽ እኮ" አልኩ፤ "ጋዜጣ ላይ መጻፍ ልማዳቸው አይደለም።"

ወደ እኔ ዞረች። "አንቺማ ማሽንሽ እንዳይነቀልብሽ ነው።"

"እሱም አለበት! ታዲያ ምን ይጠበስ? ማሽኔም አይነቀልም፣ እሳቸውም አይነቀሉም!"

"በቃ፣ በቃ" አለ ባሌ። ማንም አልሰማውም።

ሥራ አስኪያጇ የዕለቱን ጋዜጣ ከእናቷ ጭን ላይ አነሣች፣ ከቦርሳዋ እስክሪብቶ አወጣች። "እሺ፣ ልማድ ከሆነ እኔ ልጻፍ፣ አንቺ ንገሪኝ። ካወቅሽው ሻንጣዬን ይዤ እመለሳለሁ።"

"እንዳይመልሱላት፣ እማማ!" ብዬ ጮኽኩ። የትናንት ንግግራቸው ሆዴ ውስጥ አለ። እሳቸው ግን እጃቸውን አነሡና አስቆሙኝ። "ጠይቂ" አሏት።

የዕለቱ ርዕስ የአንጥረኛ ቤት ነበር። "ብረት የሚቀጠቀጥበት" አለች።

"መዶሻ።"

እስክሪብቶውን ወደ ሳጥኑ ስታስጠጋ ያ የታመመው ግራ እጃቸው፣ ስኒ እንኳ በቅጡ የማይዘው፣ ተወርውሮ የእጇን አንጓ ያዘ። "አትጻፊበት!" አሉ። ደንገጥ አለች። እሳቸውም ደነገጡ፤ እጃቸውን ራሳቸው አዩት፣ ቀስ ብለውም ለቀቁ። ሥራ አስኪያጇ እስክሪብቶውን አልከደነችውም፤ ግን አልጻፈችም። እኔን አየችኝ። ነገርኩሽ አይደል ልላት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

"የጋለ ብረት መያዣ።"

"ጉጠት።"

እሰይ! እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ባሌ እንኳ ከመስኮቱ ተላቆ ጠጋ አለ።

"አንጥረኛ እሳቱን በነፋስ የሚያቀጣጥልበት፣ ከቆዳ የሚሠራ። ሦስት ፊደል።"

"ያ…" አሉ። "ያ… የሚነፋው…" እጃቸው በአየር ላይ ይከፍታል፣ ይዘጋል፤ ነገሩን እያሳዩን ነው፤ ስሙ ግን የለም። ላብ ግንባራቸው ላይ ወጣ። ሥራ አስኪያጇ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገች፤ ዕንባዋ እውነተኛ ነበር፣ አልዋሽባትም።

"አየሽ፣ እማዬ?"

አማቴ እጃቸውን ጭናቸው ላይ መለሱና ቀና አሉ። "አላየሁም። አንቺ ንገሪኝ። ማን ይባላል?"

"ምኑ?"

"የጠየቅሽኝ ነዋ! ሦስት ፊደል።"

"እሱማ…" አለች። "አውቀዋለሁ እኮ። ይሄ… አፌ ላይ አለ።"

"አንተስ?" አሉት ልጃቸውን።

"ማራገቢያ" አለ።

"ሦስት ፊደል ነው፣ አንተ ልጅ። ቁጥርም ጠፋህ?" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺስ፣ ምላሳሟ?"

ልጠራው ብል አልቻልኩም። በልጅነቴ በዓይኔ አይቼዋለሁ፤ ሲነፋ ድምፁ አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ። ስሙ ግን ጥርግ ብሎ ጠፋኝ። ባሌ በድብቅ ስልኩን ከኪሱ ሲያወጣ አዩት።

"ስልክህን አስቀምጥ! ስልክ የእኔ ሥራ ነው!" አሉት፤ አስቀመጠ።

ከዚያ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። ስንቆምላቸው በእጃቸው ከለከሉን። "እንግዲያው ሁላችንም ሻንጣችንን እናንሣ" አሉ። "አንቺም ከፎቅሽ ውረጂ። አንተም ያንን የኋላውን ቤት ልቀቅ። ይቺም ማሽኗን ትንቀል። ቃል የጠፋው ሰው ቤት የማይገባው ከሆነ፣ ዛሬ እዚህ ክፍል ውስጥ ቤት ያለው ሰው የለም!"

ቀድሞ የሳቀው ባሌ ነው። ሳቁ ሳያስበው ነው ያመለጠው። እህቱ አልሳቀችም። "ድስቱስ፣ እማዬ?" አለች፤ ድምፅዋ ተሰባብሮ። "እሳት ቢነሣስ?"

"ድስቱ አረረ። ነገም ሊያርር ይችላል። ሥጋትሽን አልንቅም። ከሠጋሽ ነይና አጠገቤ ተቀመጪ፤ ጩኺብኝ፣ ምድጃውን አጥፊልኝ። እኔን ግን አታንሺኝ። እኔ ዕቃ አይደለሁም፣ ልጄ።"

"ብቻሽን ሆነሽ እንዳትሞቺብኝ ነው!"

"ብሞትም በቤቴ ነው። ያንተ ሐሳብ ምንድን ነው?" አሉ ድንገት ወደ ባሌ ዞረው።

ባሌ እህቱን አየ። ወለሉን አየ። "እማዬ እዚሁ ናት" አለ። ድምፁ ትንሽ ነበር፤ ብቻ አለው። በዚያች ቃል የስንት ዓመት ኩርፊያ እንደሰረዝኩለት እሱ እስከ ዛሬ አያውቅም።

ሥራ አስኪያጇ ባዶ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ይሁን አላለችም፣ አይሁንም አላለችም። ከበሩ ላይ ዞር ብላ ጠረጴዛው ላይ የተዘረጉትን ጋዜጦች አየች፤ ተመልሳ አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፣ እንደነበሩ ከመረቻቸው፣ ሄደች። እኔ ሌሊቱን ሙሉ ምን ይዛ ትመጣ ይሆን እያልኩ ስገላበጥ አደርኩ።

ጠዋት ማሽኔ ላይ ሆኜ ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ናት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። "ወናፍ!" አለችኝ። "ወናፍ ነው! አሁን መንገድ ላይ ስሄድ መጣልኝ! ንገሪያት!"

አማቴ የዛሬዋን ጋዜጣ ዘርግተው አጠገቤ ተቀምጠዋል። የትናንቱ መልስ ያለበትን ገጽ ገና አልገለጡትም። "እማማ፣ ወናፍ ነው ትላለች" አልኳቸው።

"አውቃለሁ" አሉ፣ መነጽራቸውን እያስተካከሉ። "ትናንት ጋዜጦቹን ስታጥፍ መጥቶልኝ ነበር።"

ስልኩን በመዳፌ ሸፈንኩት። "እንዴ! ታዲያ ለምን አልተናገሩም? ያኔውኑ ይለይለት ነበር እኮ!"

"ተናግሬው ቢሆን ቤቴን በወናፍ አተረፍኩት ማለት ነው" አሉኝ። "ነገ ማንኪያ ሲጠፋኝስ በምን ላተርፈው ነው?"

መዳፌ ሥር ሥራ አስኪያጇ "ሃሎ? ምን አለች? ሃሎ?" ትላለች።

"ልክ ነሽ በያት" አሉኝ ገጹን እየገለጡ። "እሁድም ትምጣ በያት። ያለ ሻንጣ።"